ያልደረሰ ኩርፊያ

ኖላዊ ካኮረፈ ሁለተኛ ወሩን ያዘ። ሚስቱ ሶልያና ግን ገና ልብ አላለችም።

ማኩረፍ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ አኩርፎ የማያውቅ ሰው ነው። በተለይ ድሬዳዋ ላይ ማኩረፍ ካፖርት ለብሶ እንደመዋል ነው፤ ሙቀቱም አይፈቅድም፣ ሰዉም አይፈቅድም። ኖላዊ ግን የወግ አኩራፊ ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። ሰላምታ በአገጩ ይመልሳል። ምግብ ሲቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ ያደርግና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ለሳህኑ ውለታ የሚውል ይመስል መብላት ይጀምራል። አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከዚህ በኋላ የሱ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው። የተቀየመ ሰው ሦስቴ ይለመናል፤ ወጉ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ልመና ዝም ይላል፣ በሁለተኛው "ተይኝ እባክሽ" ይላል፣ በሦስተኛው እየከበደውም ቢሆን ይታረቃል። ሳይለመን የታረቀ ሰው መጀመሪያውኑም አልተቀየመም።

የዚህኛው ኩርፊያ መነሻ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነው። ሶልያና እዚያ ማክቤል ከሚባል የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ጋር ተገናኘችና እስክስታ ወረደች። ማክቤል በዚያ ዕድሜው ቦርጭ የሚባል ነገር ያልጎበኘው፣ ትከሻው እንደ ጎረምሳ የሚታዘዝለት ሰው ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ "ማክቤል እኮ ዛሬም አላረጀም" አለች፤ እንዲያው እግረ መንገዷን። ኖላዊ ቀና። አንጀቱ እስኪያር ቀና። ቀናሁ ብሎ መናገር ግን ለሱ ዓይነት ሰው ሱሪን በአደባባይ ከማውለቅ እኩል ስለሆነ፣ የሚያውቀውን አደረገ፤ አኮረፈ።

ጊዜው የሁለት ሺህ ሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ኬብሮን፣ ማክቤል፣ ኖላዊ የተባሉት ልጆች ሸብተው ሽማግሌ የሆኑበት ዘመን። ወንዱም ሴቱም ዓይኑ ላይ ሌንስ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ አለው፤ ሌንሱ ያሳያል፣ ጉትቻው ያሰማል። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ያለ ውሃ ይወርድበታል፤ ሌንሱን ላወለቀ ሰው ግን ያው የድሮው አሸዋ ነው። አሸዋውን ሲሻገሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ፤ የሚስቅባቸው የለም። ማለዘቢያ የሚሉት ነገርም አለ። ማለዘቢያ የተቆጣን ፊት ፈገግ ያደርጋል፣ የሻከረ ድምፅን ያለሰልሳል። መጀመሪያ የመጣው ቢሮ ለቢሮ ለሚንከራተት ባለጉዳይ ነበር፤ ከዚያ ታክሲ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ቤት። ስለ ካልሲው የሚያወራ ሰው እንደሌለ ሁሉ ስለ ማለዘቢያውም የሚያወራ የለም።

ኖላዊ ደረቅ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ሲቆጣጠር ይውላል፤ ሌንስ እዚያ ግዴታ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን አውልቆ በር አጠገብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ይጥለዋል፤ ጉትቻውንም ከጎኑ ያኖራል። "ቤቴን የማየው በገዛ ዓይኔ ነው" እያለ ይኮራበታል። ሶልያና ሌንሷን ከእንቅልፏ ስትነሳ ታጠልቃለች፣ ስትተኛ ታወልቃለች። ጉትቻዋንማ አልጋ ላይም አታወልቀውም።

ድሬ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ሱቁም ቢሮውም ወደቡም ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ሰው እቤቱ ምሳውን በልቶ ሙቀቱ እስኪበርድ ጋደም ይላል። ይህን ልማድ ሌንስም አልቀየረውም። አንድ ቀን ኖላዊ እንደ ወትሮው ለምሳ ገባና ፊቱን በደንብ አጥቁሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ዛሬ ቶሎ መጣህ" አለችው ሶልያና ሩዙን እያቀረበች።

ሳህኑን ገፋ አደረገ።

"እውነትህን ነው? ከዚያስ ምን አሉት?"

ኖላዊ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አነሳ። እሱ ምንም አላለም። ሶልያና ግን ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ታዳምጣለች። ትንሽ ቆይታ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች።

"አንተ ሰውዬ እኮ አትቻልም" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ሚጥሚጣውን ደግሞ እንዳልከኝ ቀንሼዋለሁ። አሁን እንዴት ነው?"

ሚጥሚጣው ቀንሶ ነበር። ኖላዊ ጨጓራው ሲያስቸግረው ከርሟል፤ ሚጥሚጣ ይቀነስልኝ ያለበት ቀን ግን የለም። ሶልያና ስታወራ የምታየው ወደሱ ነው። ግን መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው መስኮቱን አያይም፤ በመስኮቱ ውጭውን ነው የሚያየው። ኖላዊ መስኮት የሆነ መሰለው። ነገሩ ያኔ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። ጉትቻዋ ውስጥ ሰው አለ። ወንድ ነው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ወንድ ሚስቱን ያስቃል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አልነበረውም። የአኩራፊ ምሳው እራቱ ነው ይባላል፤ ኖላዊ ግን እራቱንም ቅናት በላበት። ስትስቅ ይቆጥርባታል፣ ስታንጎራጉር ይጠረጥራታል፣ ዝም ስትል ደግሞ እያዳመጠችው ነው ይላል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ አልጋው ላይ አረንጓዴ ሸሚዝ ተዘርግቶ አገኘ።

"የመረጥከው ሸሚዝ መጣልህ" አለችው።

ኖላዊ አረንጓዴ ለብሶ አያውቅም፤ የመረጠውም ነገር የለም። ወዲያው ፍርዱን ሰጠ። ለሰውየው የገዛችው ነው፤ እሱ ድንገት ሲገባባት የሱ አስመሰለችው። ሶልያና ጎረቤት ስትሄድ ጠብቆ በሩን ዘጋና ለካው። ልኩ ነበር። ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፣ ቦርጩ ላይ እንኳ ቁልፉ ሳይጨነቅ ተቆለፈ። መስተዋት ፊት ቆሞ ደሙ ፈላ። እንደ ማክቤል ላለ ሸንቃጣ ብትተወው እሺ፤ ያማል፣ ግን ይገባል። የሱን የሚያህል ቦርጭ ላለው ሰው መተው ግን ምን የሚሉት ንቀት ነው? ሸሚዙን ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ሥር ወረወረው።

ከሁሉ የባሰው ግን ምሳ ሰዓት ነበር። ኖላዊ የሚሰማው የሷን ግማሽ ወሬ ብቻ ነው፤ የሰውየው ግማሽ ባዶ ነው። እያኘከ ባዶውን ሊሞላው ይሞክራል። እሷ "ኧረ ተው፣ ታሳፍረኛለህ" ትላለች። ምን ቢላት ነው ያፈረችው? ከማቆላመጥ በኩል ኖላዊ ተናግሬአለሁ ብሎ የሚያስታውሰው፣ ከመጋባታቸው በፊት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር "ፀጉርሽ ጥሩ ነው" ማለቱን ብቻ ነው። እሱን ባዶው ላይ አስገብቶ ሞከረው፤ አልሞላም። ያ ሰውዬ ከዚህ የተሻለ ነገር ነው የሚናገረው። ይህን ሲያስብ ሳህኑን መልሶ ይገፋዋል።

በመጨረሻ ለባማላክ ነገረው። ባማላክ የወደብ ባልደረባውም ጎረቤቱም ነው።

"ጠይቃታ" አለው ባማላክ።

"አኩርፌያለሁ እኮ።"

"ታዲያ ኩርፊያውን ተወውና ጠይቃት።"

"ሳልለመን?"

ባማላክ አሰበበት። እሱም ያው የዚያው አገር ሰው ነው። "እሱስ እውነትህን ነው" አለ። "እንግዲያው ሽማግሌ ይግባ።"

እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ገባ። መምሬ ኬብሮን የሶልያና የነፍስ አባት ናቸው። ሐጂ ሙአዝ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ራሱ ባማላክ ነው። ሁሉም ሌንሳቸውን እንዳጠለቁ፣ ጉትቻቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ። ኖላዊ በአኩራፊ ወግ ንግግሩን ለባማላክ ሰጥቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"እርቅ ደም ያደርቅ ነው" አሉ መምሬ። "ልጄ ሶልያና፣ ባልሽ ቅሬታ አለው።"

"ማን? ኖላዊ?" ሶልያና ደነገጠች። "አሁን ቁርስ ላይ እኮ ስንሳሳቅ ነበር።"

ባማላክ ጉሮሮውን ጠረገ። "ላሳጥረው። ቤቴ ውስጥ ሌላ ወንድ አለ ነው የሚለው። ምሳ ላይ የምታወሪው፣ ሚጥሚጣ የቀነስሽለት፣ ሸሚዝ የገዛሽለት ሰው።"

"እሱ እኮ ኖላዊ ነው።"

"ኖላዊማ ካኮረፈ ሁለተኛ ወሩ ነው።"

ሶልያና ወደ ባሏ ዞረች። ፊቷ ላይ የጥፋተኛ ነገር አልነበረም፤ መደናገር ብቻ ነበር።

"አኩርፈሃል እንዴ?" አለችው።

ኖላዊ በሕይወቱ ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ የዚህን ያህል የገባበት ግን አልነበረም። ሁለት ወር ተሸክሞት የዞረው ነገር ከናካቴው እሷ ዘንድ አልደረሰም።

ሶልያና ቀስ በቀስ ነገሩን አወጣችው። "የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያች የሁዳዴዋ ኩርፊያ ጊዜ ነው" አለች። "መምሬ ያስታውሳሉ። ጾሙን በሙሉ ከግድግዳ ጋር ነው የጾምኩት። ሦስቴ ለመንኩት፣ ስድስቴ ለመንኩት፣ ሰለቸኝ። ማለዘቢያውን ያኔ ከፈትኩት። መጀመሪያ ፊቱን ብቻ ነበር። ከዚያ ደግሞ ዝም ሲል፣ ዝም ባይል ኖሮ የሚለውን እንዲልልኝ አደረግሁት። የተለመደ ነገር ይረሳል። አሁን የቱን እሱ እንዳለው፣ የቱን እንዳላለው መለየት ትቻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለመለየትም አልሞከርኩም።"

"ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርድ የለም" አሉ ሐጂ ሙአዝ። "ያ ሰውዬ ይቅረብና እንስማው።"

ሶልያና የምታየውን ለሽማግሌዎቹ ከፈተችላቸው። የሦስቱም ዓይን የኖላዊ ወንበር ላይ አረፈ። የሦስቱም ፊት ፈታ አለ።

"ወይ ጉድ" አሉ መምሬ በቀስታ። "ደህና ነህ ልጄ?"

ኖላዊ ከዚህ በላይ አልቻለም። ተነስቶ ከብርጭቆው ሌንሱን አወጣና አጠለቀ፣ ጉትቻውን ሰካ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ለሌሎቹ የተከፈተው ለሱም ተከፈተለት። ሰውየውን ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ፈለገው፤ የለም። ከዚያ ወደ ታች ወደ ገዛ ጉልበቱ አየ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተጣብቀው ነው ያሉት፤ ይሰማዋል። በሌንሱ ውስጥ ግን እጆቹ ተዘርግተው ይናገራሉ። የአረንጓዴ ሸሚዝ እጅጌ ለብሰዋል።

"አባቶቼ፣ በእሑድ ቀን ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ ድምፁ በጉትቻው ውስጥ። የገዛ ድምፁ ነው፤ ግን ጥሩ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሲከፋኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ሶልዬ ብቻዋን ትቀራለች። አውቀዋለሁ። አውቄ መተው ነው ያቃተኝ።"

ሶልዬ። ኖላዊ እንዲህ ብሎ ከጠራት ልጆቻቸው ተወልደው፣ አድገው፣ አግብተዋል። ከተባለው ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። ያንገበገበውም ይኸው ነው። ሰውየው ቢዋሽ ኖሮ እዚያው ያዋርደው ነበር። ሶልያና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ነገር ኖላዊ ያውቀዋል፤ ዱሮ ለሱ ነበር።

በሌንሱ ውስጥ የኖላዊ አካል ከወንበሩ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ወደ መምሬ ሄደና ጉልበታቸውን ሊስም ተደፋ። ኖላዊ እንደተቀመጠ ነው። መምሬ እጃቸውን ዝቅ አድርገው አየሩን ይዳብሳሉ። "ተው ልጄ፣ ተነስ፣ እግዜር ይፍታህ" ይላሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ባማላክም አንገቱን ደፍቷል።

ሐጂ ሙአዝ ብቻ ዓይናቸውን አሹት። "ይቆረቁረኛል ይሄ ነገር" ብለው ሌንሳቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ያለውን ኖላዊ አዩት። ቆየት ብለው አዩት።

"ይሄኛውስ?" አሉ። "አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?"

ልመናው መጣ። ሁለት ወር የጠበቀው ልመና በሐጂ አፍ መጣለት። ኖላዊ ደረቱ ሲከፈት ተሰማው። ግን የመጀመሪያው ነው፤ በመጀመሪያው ዝም ይባላል። ዝም አለ። ሁለተኛውን ጠበቀ።

ያኛው ወግ አያውቅም፤ አልጠበቀም።

"እኔማ ምን እላለሁ፣ ሐጂ" አለ ድምፁ በሁሉም ጆሮ። "ከሷ የሚበልጥብኝ ነገር የለም።"

ሐጂ ሙአዝ የተዘጋውን የኖላዊን አፍ አዩ። "አፍህን ሳትከፍት ጥሩ ትናገራለህ" አሉት። ሌላ የሚጨምሩት አጡ መሰለኝ፣ ምርቃቱን ለመምሬ ተዉላቸው። መምሬም መረቁ፤ ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳል ብለው፣ ፍቅር ይስጣችሁ ብለው ተነሱ። በር ላይ ሁሉም በየተራ የኖላዊን እጅ ጨበጡት። ጥፋትን ማመን የትልቅ ሰው ነው አሉት። ነገሩን ከሥሩ የሚያውቀው ባማላክ ሳይቀር አቅፎት፣ "እንዲህ መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር" አለው።

ሶልያና ብርጭቆዎቹን ታነሳለች። ኖላዊ ሌንሱንና ጉትቻውን አውልቆ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ታርቀሃል ተብሏል፤ የታረቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሰውዬ ሽማግሌውን ወስዶበታል፣ ምርቃቱን ወስዶበታል፣ ሚስቱን ከወሰደ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎታል። እንደዚህ ቀንቶ አያውቅም። በማክቤልስ ላይ ቢሆን ሄዶ ይደባደብ ነበር።

"አውልቂው" አለ።

በሁለት ወር ውስጥ ለሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ጮኸ።

"ምኑን?"

"ሌንሱን። ጉትቻሽንም።"

ሶልያና ትሪውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ጉትቻዋን፣ ከዚያ ሌንሷን አወለቀች። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፣ አሁንም ጨፍና ከፈተች፤ ከዚያ ፊቱን አየችው። ከዓይኑ ሥር አየች፣ ጆሮ ግንዱን አየች፣ የሸሚዙን ኮሌታ አየች።

"ሸብተሃል" አለች።

"ከዱሮም ነው።"

"አረንጓዴውን አልለበስከውም እንዴ?"

"አልለበስኩትም።"

"ጥሩ ሆኖልህ ነበር እኮ" አለችና ከፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኖላዊ ጠበቀ። ልማዱ ነው፤ አሁን አንዴ ብትለምነው፣ አንዴ ብቻ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለው፣ ሌላው በራሱ ይመጣል። ሶልያና ግን አልለመነችውም። አውቃ አይደለም፤ ልመናውን ረስታዋለች። ከሚመልስ ሰው ጋር የኖረ ሰው መለመን ለምኑ ነው? እጇ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌንሷ ማስቀመጫ አጠገብ አርፏል። ኖላዊ ያን እጅ አየ። አሁን ካልተናገረ ያ እጅ ሌንሱን ያነሳል፤ እሱም ተመልሶ መስኮት ይሆናል።

"የሠርጉ ቀን" አለ። ቆመ። "የሠርጉ ቀን፣ ከማክቤል ጋር ስትጨፍሪ… ቀንቼ ነው።"

ዕድሜውን ሙሉ እምቢ ያለው ቃል ወጣ። መውጣቱ ራሱን አስገረመው።

"ቀንቼ ነው" አለ ደግሞ፣ አሁን ቀለል ብሎት። "ሌላ ምንም አይደለም። እንዳትተይኝ ፈርቼ ነው። ቀንቼ ነው ያኮረፍኩት።"

ፊቷን ጠበቀ። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ወይ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ሶልያና አልደነገጠችም። የቆየ ወሬ ይዞ ለመጣ ዘመድ እንደሚደረገው፣ እንዳይከፋው እጇን እጁ ላይ አኖረች።

"አውቃለሁ" አለችው በርኅራኄ። "ያኔውኑ ማታ ነግረኸኛል እኮ።"

ኖላዊ "እኔ እንኳ…" ብሎ ጀመረና ተወው። ሌላ ጥያቄ መጣበት፤ መጠየቅ አልነበረበትም፣ ግን ቅናት ይጠይቃል።

"ስነግርሽ ምን አልሽኝ?"

ሶልያና ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ነገሩ ትዝ ሲላት ፊቷ በራ። ቆንጆ ነበረች። "እሱማ አሁን ተደግሞ አይወጣኝም" አለች። "ከማንም አላስበልጥህም አልኩህ። ሌላም ሌላም አልኩህ። ሊነጋ ሲል ነው የተኛነው።"

ኖላዊ ያን ሌሊት አስታወሰው። እዚያው አልጋ ላይ፣ ከጎኗ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ድምፅዋን ሰምቷል። ከእህቷ ጋር በስልክ የምታወራ መስሎት፣ አንሶላውን ጆሮው ላይ ስቦ ነበር የተኛው።